አደይ ያነበበችው ደብዳቤ

«ደብዳቤውን እንኳ አደይ አንብባልኛለች፤ መልሱን ብቻ ይጻፉልኝ» አለች ሸሪፋ፣ ገና ከበሩ ሳታልፍ ጫማዋን እያወለቀች።

መምህር ሀብተ ሥላሴ ከደብረ ማርቆስ የገባው ትናንት አመሻሽ ላይ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሴሚናር ተቀምጦ ነው የመጣው። ሴሚናሩ ሬድዮን በክፍል ውስጥ ስለመጠቀም ሲሆን፣ ከየአውራጃው የተሰበሰቡ አርባ መምህራን ሬድዮ ሲናገር መምህሩ የት እንደሚቆም፣ እጁን ምን እንደሚያደርገው፣ ሬድዮው ጠይቆ ዝም ሲል ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ተምረው ተመልሰዋል። ይህን ለመማር ሁለት ሳምንት ለምን እንደሚያስፈልግ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ አበሉ በቀን አራት ብር ነበርና ሁሉም ማስታወሻውን እየያዘ ዝም አለ። ሀብተ ሥላሴም ዝም ካሉት አንዱ ነው። አሁን ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ባለው የቀበሌ ቤቱ፣ በወር አሥራ ሁለት ብር ከሚከፍልበት፣ በመጋረጃ ለሁለት ከተከፈለው ክፍል ውስጥ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ነው ሸሪፋ የመጣችበት።

ሸሪፋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች። ባሏ ዓብደላ ከወረታ እህል እያመጣ ሲሸጥ ኖሮ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ያላት አንድ ልጅ ኑርሑሴን ሲሆን፣ እሱም አምና በብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። እሱ ሴሚናር ላይ ሳለ ከመጣው ከዚህኛው በፊት፣ የልጇን ደብዳቤ ከሀብተ ሥላሴ በቀር ለማንም አስነብባ አታውቅም። ደብዳቤ ገበና ነው፤ ዛሬ ያነበበልህ ሰው ነገ ገበያ መሃል ሊያወራብህ ይችላል። ሀብተ ሥላሴ ግን አንብቦ የሚረሳ ሰው ነው፤ ቢያንስ የረሳ ይመስላል። ፊደልስ ቆጥራ ነበር። ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ባስተማረ ጊዜ ማታ ማታ እየሄደች ተምራ፣ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ተቀብላለች። የታተመ ነገር ቀስ እያለች ታነብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እጇ የገባ ጋዜጣም መጽሐፍም አልነበረም። አዋጁም፣ የቀበሌው ጥሪም፣ የእህል ዋጋውም በሬድዮ ነው የሚነገረው፤ ለማንበብ ምን አስቸኮላት? ፊደሉ አንድ በአንድ ተነነ። የሰው እጅ ጽሑፍማ ድሮም አሸንፋው አታውቅም።

«እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፎልኝ አያውቅም መምህር፣ ወላሂ» አለች። ፊቷ በርቷል። «ድሮ ሁለት መስመር ጽፎ ነበር የሚተወው። አሁን ግን ‹እናት ሀገሬን እየጠበቅሁ በሙሉ ጤንነት እገኛለሁ፤ በያላችሁበት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ በድል ተመልሼ ያሳደጉኝን እጆችሽን እስማለሁ› ነው ያለኝ። አለቀስሁ። አደይም አለቀሰች። ልጅዎን አላህ ያሳድግልዎ።»

ሀብተ ሥላሴ ፈገግ አለ። አደይ የአሥር ዓመት ልጁ ናት፤ አራተኛ ክፍል፣ እሱ ራሱ በሚያስተምርበት ክፍል አንደኛ ትወጣለች። የእጅ ጽሑፍ ማንበብ መቻሏን ግን አላወቀም ነበር። ለመልሱ አድራሻውን ለማየት ብሎ ወረቀቱን ዘረጋው። የኑርሑሴን ጽሕፈት ነው፤ ያውቀዋል፤ ፊደል አጣጣሉን ያስተማረው እሱ ነው።

«ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ሸሪፋ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ግራ እጄን ቆስዬ ጎንደር ሆስፒታል ከገባሁ ወር አለፈኝ። አሁን ድኛለሁ፤ አትደንግጪ። ጥር ሃያ አንድ ቀን ወደ ሰሜን ይወስዱናል። ባሕር ዳር ልምጣ ብል ከለከሉኝ፤ እስከ ጎርጎራ ግን ፈቅደውልኛል። ጥር አሥራ ዘጠኝ ሰኞ በምትገባው መርከብ ነይ። ስትወርጂ ወደቡ ላይ ታገኚኛለሽ። ምግብም ልብስም አታምጪ፤ አንቺ ብቻ ነይ። የምነግርሽ አለኝ። ከዚያ ወዲያ አድራሻዬ የት እንደሚሆን አላውቅም። እንዳትቀሪ።»

ፖስታው ላይ ያለው የባሕር ዳር ማኅተም ጥር ዘጠኝ ይላል። ዛሬ ዓርብ፣ ጥር ሃያ ሦስት ነው።

ሁለተኛ አነበበው። ሸሪፋ ከፊቱ ተቀምጣ እስኪጨርስ እየጠበቀች፣ የጠረጴዛውን ላስቲክ በጣቷ ታስተካክላለች። በዚያች ሰዓት እውነቱን ቢነግራት ኖሮ ቀኑ ሌላ ቀን በሆነ ነበር። አልነገራትም። ፈሪ ስለሆነ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም በኋላ ለራሱ እንዲሁ ብሏል። «ረጋ ብዬ መጻፍ አለብኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እቤትዎ ይዤ እመጣለሁ፤ ደብዳቤው እኔ ዘንድ ይቆይ» አላት። እሷም መረቀችው፣ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ከመጋረጃው በስተጀርባ አደይ ደብተሯን በቦርሳዋ ስትከት ይሰማል። ለረጅም ጊዜ ስትከት ይሰማል።

አባትና ልጅ አብረው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ሌላ ቀን ስለ ሁሉ ነገር የምትለፈልፈው ልጅ ዛሬ ከኋላው ራቅ ብላ ትከተለዋለች፤ እሱም አልጠየቃትም። አንድ ተስፋ ነበረው፤ እንዳይሰበርበት ፈራ። አንብባዋለች፣ ‹ቆስዬ› የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ደንግጣ ሌላ ነገር ተናግራለች፤ ይህ ነበር ተስፋው። እንዲህ ከሆነ ጥፋቷ የልጅ ጥፋት ነው፤ ይቆጣታል፣ ያልቃል። ሌላው ነገር ግን በልቡ ዳር መጥቶ ሲቆም ፊቱን ያዞርበት ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ሰማንያ ስድስት ልጆች አሉ፤ የአማርኛው መጽሐፍ ለአምስት አንድ ነው። ዱሮ ሀብተ ሥላሴ በዚህ ክፍለ ጊዜ ተረት ያነብላቸው ነበር፤ ከዚያ ራሳቸው እየተነሡ ያነባሉ፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ለዘመድ ደብዳቤ ያጽፋቸዋል። የእያንዳንዱን ልጅ ደብዳቤ ቁጭ ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ያርም ነበር። ሬድዮው ከመጣ ወዲህ ክፍለ ጊዜው የሬድዮው ሆነ። ልጆቹ አሥር አሥር ሳንቲም አዋጥተው የሬድዮ ድንጋይ ይገዛሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ቁልፍ ካለው ሳጥን ያወጣና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አካባቢ ቅር ብሎት ነበር፤ ቆይቶ ግን ተመቸው። ጉሮሮው ዐረፈ። እሱ ሲቆም፣ ሬድዮው ሲያስተምር፣ ጊዜው ሳይታወቅ ያልፋል፤ ፈተናም ቢሆን ሬድዮው የተናገረውን ነው የሚጠይቀው።

ዛሬም ከአዲስ አበባ የመጣው ያማረ ድምፅ ምንባቡን አነበበ፤ ሰማንያ ስድስቱ ልጆች አብረው አዜሙ። «ልጆች፣ ዓሣ የሚኖረው የት ነው?» አለ ድምፁ፤ ዝም አለ። «ጣና!» ብለው ጮኹ ልጆቹ። «ጎበዞች! ትክክል ነው፤ ዓሣ የሚኖረው ውኃ ውስጥ ነው» አለ። ቢመልሱም ባይመልሱም፣ ቢሳሳቱም ባይሳሳቱም ጎበዞች ነው የሚላቸው። ሀብተ ሥላሴ በሴሚናሩ እንደተማረው እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ልጁን ያያል። አደይ መጽሐፉን ገልጣ ታነባለች። ድምፁ አንድ ገጽ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲሄድ እሷም ልክ በቦታው ትገልጣለች። ዓይኗ ግን መጽሐፉ ላይ አልነበረም፤ ሬድዮው ላይ ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲወጡ እሷን አስቀራት። ሬድዮው ገና ያልደረሰበትን፣ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ያለውን ገጽ ገልጦ ከፊቷ አደረገላት።

«አንብቢልኝ።»

አደይ ገጹን አየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ከሩቅ አይሰማም። ጎንበስ ብሎ ሲያዳምጥ ፊደል ስትቆጥር ሰማት። ከሀ ጀምራ በዜማ ትወርዳለች፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለች ወርዳ ወርዳ የምትፈልገው ዘንድ ስትደርስ ትቆማለች፤ ከዚያ ደግሞ ሰ፣ ሱ፣ ሲ ብላ ወደ ጎን ትሄዳለች። አንዲቱን ፊደል ለማግኘት ገበታውን በሙሉ በቃሏ መዞር አለባት። ሁለተኛዋን ስታገኝ የመጀመሪያዋ ትጠፋባታለች። አንድ ቃል ሳትጨርስ ላብ አላባት።

«ተይው» አላት።

«የበፊቱን ገጽ ላንብብ አባዬ? የበፊቱን እችላለሁ።»

«የሸሪፋን ደብዳቤስ?»

አለቀሰች። «የመምህር ልጅ አይደለሽም ወይ፣ አንብቢልኝ እንጂ አለችኝ። አላውቅም ማለት አፈርሁ። ሬድዮ ላይ ወታደሮቹ ሁሉም የሚሉት እንደዚያ ነው፤ እሱም እንደዚያ የጻፈ መሰለኝ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ደስ አላት እኮ። በጣም ደስ አላት።»

ሀብተ ሥላሴ አልመታትም።  አባቱ መሪጌታ ገብረ መስቀል፣ በጣና ደሴት ገዳም ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ «ይህችን ልጅ በአምስት ዓመቷ ወደ እኔ ላካት፤ ፊደሉን በጣቷ እያስጠቆምሁ አንድ በአንድ ላስይዛት» ብለው ለምነውት ነበር። ዘመኑ አልፎበታል፣ ትምህርት ቤት ትማረዋለች ብሎ ከለከላቸው። ትምህርት ቤት የተባለው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ማታ ማታ የፈተና ወረቀት እያረመ «አንብቢ» ይላታል፤ መጽሐፉን ገልጣ ከላይ እስከ ታች እንደ ውኃ ታወርድለታለች፤ «ጎበዝ» ይላታል ቀና ሳይል። ለሰማንያ ስድስቱም እንዲሁ ብሎ ነበር። አሁን ከመስኮቱ ሆኖ ሜዳው ላይ የሚሯሯጡትን እያየ ስንቱ እንደ አደይ እንደሆነ ለመገመት ሞከረ፤ መገመቱን ተወው።

ለምሳ ቤት ሲገባ ሚስቱ የሻሽወርቅ ሽሮውን አቅርባ ጠበቀችው። ነገሩን ነገራት።  አደይ ከመጋረጃው ኋላ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ ምሳም አልፈለገች።

«ስታነብ መጽሐፉን አታይም ነበር። መስኮቱን ነው የምታይ» አለች የሻሽወርቅ። «እኔ ደግሞ ጎበዝ ሰው እንደዚያ የሚያነብ መሰለኝ። አንተ አለህ ብዬ ነው።» እንጀራውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «አትንገራት። ምን ይረባታል? ልጁ እንደሆነ ሄዷል። ደስ እንዳላት ትቆይ፤ መልሱን ጽፈህ ስጣት።»

«በየት አድራሻ?»

 አልበላም፤ ኮቱን ደርቦ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ነበረው፤ አልሄደም። በሃያ ሁለት ዓመት የመምህርነት ዘመኑ ሳያስፈቅድ ሲቀር የመጀመሪያው ነው። እግሩ ወደ ወደቡ ወሰደው። ምን ፈልጎ እንደሄደ እሱም አላወቀም፤ ምናልባት ኑርሑሴንም ከጎንደር ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል፣ ምናልባት ፈቃዱን ከልክለውት ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ማንም ማንንም አልጠበቀም። መርከቧ ከጎርጎራ ከተመለሰች ሁለት ቀኗ ነው፤ ከመድረኩ ታስራለች፤ ሠራተኞቹ የማሽላ ጆንያ ያወርዳሉ። አዘዘ የሚባለው፣ ገመድ የሚይዘው ሰውዬ፣ ልጁ እዚያው ትምህርት ቤት ስለሚማር ሀብተ ሥላሴን ያውቀዋል። ሰኞ ዕለት ጎርጎራ ላይ አንድ እጁ የታሰረ ወታደር አይተህ እንደሆን ብሎ ጠየቀው።

«አየሁ እንጂ! እንዴት ይረሳል» አለ አዘዘ። «መርከቧ ስትጠጋ ከሁሉ ፊት ቆሞ ነበር፤ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ። የሚወርደውን ሰው ሁሉ ሸሪፋ የምትባል፣ ጨርቅ ነጋዴ አላያችሁም ወይ ይላል። ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ ልፈትሽ ብሎ ለመነኝ። እናቴ ውኃ ትፈራለች፣ አዙሯት ከታች ተኝታ ይሆናል አለኝ። አስገባሁት። ጆንያውን ሁሉ እያነሣ ፈለገ።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ ስንነሣ እዚያው ነበር፤ ከወደቡ ያደረ መሰለኝ። አዘንሁና ደብዳቤህ ባይደርሳት ነው አልሁት። ‹ደርሷታል፤ ደብዳቤዋን የሚያነብላት መምህሬ ነው፤ እሱ ካነበበላት ሳትመጣ አትቀርም። ሌላ መርከብ መቼ ነው?› አለኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ነው ስለው ሳቀ። ልጁ ዘመድዎ ነው እንዴ መምህር?»

ሀብተ ሥላሴ ፊቱን አዙሮ ተመለሰ። በሐይቁ ዳር እየሄደ አለቀሰ፤ ሰው ይየኝ አይየኝ አላለም። ከእንግዲህ አለመንገር የማይቻል መሆኑን ያወቀው እዚያ ነው። ልጁ እናቴ ቀረች ብሎ ሄዷል። እናቱ ቢያንስ በፈቃዷ እንዳልቀረች፣ ያስቀሯት ሰዎች እንደሆኑ ማወቅ አለባት። ከዚያ የፈለገችውን ታድርገው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሸሪፋ ቤት ደረሰ። ጁምዓ ስለሆነ ሱቋን በጊዜ ዘግታለች። የባሏ ታላቅ እኅት ሸምሲያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ያልተሸጡ የጨርቅ ጥቅሎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ ዓብደላ ትቶት የሄደው ሬድዮ በዳንቴል ተሸፍኖ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ሸሪፋ «ጻፉልኝ?» ብላ በደስታ ተነሣች። ሀብተ ሥላሴ ሳይቀመጥ ደብዳቤውን አውጥቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። አንድ ቃል አልዘለለም። ከዚያ አደይ ማንበብ እንደማትችል ነገራት፤ አለማስተማሩንም ነገራት። አዘዘ ያለውንም፣ ጆንያውን ማንሣቱን ሳይቀር ነገራት።

ሸሪፋ አልጮኸችም። እንድትጮኽ ፈልጎ ነበር።

«ደግመው ያንብቡት» አለች።

ደግሞ አነበበው።

«የምነግርሽ አለኝ ያለው ምኑን ነው?»

«አልጻፈውም።»

«ከኋላው ይዩት እስቲ።»

ወረቀቱን ገልብጦ አሳያት። ባዶ ነው።

ሸሪፋ ወደ ሸምሲያ ዞረች። «ሰኞ ምን ስሠራ ነው የዋልሁት?» ሸምሲያ ምስሩን ትታ አሰበች። «ገበያ ነበርሽ። ጥሩ ሸጥሁ ብለሽ ሥጋ ይዘሽ ገባሽ። በላን» አለች። ሸሪፋ ራሷን ነቀነቀች፤ ሌላ የምትጠይቀው ነገር የፈለገች ትመስል ነበር፤ አላገኘችም።  ሀብተ ሥላሴ ይቅርታ ሊላት አፉን ሲከፍት ቀደመችው። «ልጅቱን እንዳይመቷት» አለች። «ደብዳቤውን ግን እርስዎ ይያዙት፤ እኔ ምን አደርግበታለሁ? ከእንግዲህም ቢመጣ አላስነብብም። ለእርስዎም ለሌላም። ሊነግረኝ የፈለገ እንደሆነ በሬድዮ ይንገረኝ፤ በገዛ ጆሮዬ እሰማዋለሁ። ሬድዮ በመሃል ሰው አያስገባም።»

ዳንቴሉን አንሥታ ሬድዮውን ከፈተችው። ዓርብ ነው፤ ከግንባር ሰላምታ የሚተላለፍበት ሰዓት ደርሷል። ሀብተ ሥላሴ ሊነግራት ፈለገ። ያ ድምፅ ነው ልጄንም እኔንም ያሰነፈን፤ እርስዎንም የተማሩትን ያስረሳዎት፤ ኑርሑሴን ያለውን ሁሉ የጻፈልዎ በገዛ እጁ ነው፣ ደብዳቤውን አይተዉት ሊላት ፈለገ። «እትዬ ሸሪፋ» ብሎ ጀመረ።

«ዝም ይበሉ መምህር፤ ስሙ እንዳያመልጠኝ።»

ከወለጋ የሆነ አንድ ወታደር ለአባቱ ሰላምታ አቀረበ፤ ከሲዳሞ የሆነ ለወንድሞቹ፤ ከሐረርጌ የሆነ ለሚስቱ። ሸሪፋ ጆሮዋን ወደ ሳጥኑ አስጠግታ፣ እያንዳንዱ ስም ሊጠራ ሲል ትንፋሿን ትይዛለች፤ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ሲገኝ ትለቀዋለች። እንዲህ ግማሽ ሰዓት ሄደ። አቅራቢው ለሳምንት ቸር ይግጠመን ብሎ ተሰናበተ፤ የማርሽ ሙዚቃ ተሰማ፤ እሱም አለቀ።

«አልጠሩትም?» አለች ሸምሲያ በቀስታ።

ሬድዮው ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም መናገር ጀምሯል። ሸሪፋ ከሳጥኑ ሳትርቅ በእጇ ዝም እንድትል ምልክት ሰጠቻት።

«ገና ነው» አለች።